ሐይቅን የሰጠሁበት ቅዳሜ

ልጅ ሳለሁ የአባቴን የትውልድ ሀገር ለሰው ሰጥቻለሁ። ሐይቅን፤ ከነከተማዋ፣ ከነውሃዋ፣ ከነዓሣዋ፣ ገበያው ዳር ዛፍ ሥር ተቀምጠው ከሚውሉት አጎቶቼ ጋር። ነገሩ የሆነው መቐለ ውስጥ፣ በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ የቅዳሜ የተረት ፕሮግራም ላይ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ዓይኑን አፍጥጦ እያየኝ ነው። ያስገደደኝ ሰው የለም። ትንሽ ተጣደፍኩ እንጂ።

አባቴ ሰይድ ከወሎ፣ ከሐይቅ ተነሥቶ መቐለ የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። ገበያ ውስጥ ሻሽና የሕፃናት ልብስ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። እኛ ልጆቹ እዚያው ተወልደን፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር በትግርኛ እየተጣላን በትግርኛ እየታረቅን አደግን። እሱ ግን ከአፉ የማትጠፋ አንዲት ቃል ነበረችው፤ «እንግዳ ነን።» ጮክ ብለን ስንስቅ «ቀስ በሉ፣ እንግዳ ነን»፤ ውሃ ልንቀዳ ሄደን ወረፋችንን ሲወስዱብን «ተዉት፣ እንግዳ ነን»፤ ጣሪያው ሲያፈስ እንኳ ለአከራያችን ከመናገር ባልዲ መደቀን ይመርጥ ነበር። እናቴ «እንግዳ ቢበዛ ሦስት ቀን ነው፤ አንተ እኮ ሦስት ልጅ ወለድክ» ትለዋለች። እሱ ይስቅና ባልዲውን ያስተካክላል።

ቤተ መጻሕፍቱ ወደ ሓወልቲ፣ ወደ ሰማዕታቱ ሐውልት፣ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ የድንጋይ ቤት ነበር። ኃላፊዋ ወይዘሮ ለተብርሃን ጸጥታ የሚወዱ ሴት ነበሩ፤ «ዝም አይነቅዝም» የሚል ጽሑፍ በገዛ እጃቸው ጽፈው በሩ ላይ ሰቅለዋል። ችግሩ ጸጥታው ከልክ በላይ ሆነባቸው፤ ከፈተና ሰሞን በቀር ዝር የሚል ሰው ጠፋ። ስለዚህ ፕሮግራም ጀመሩ፤ ሥዕል፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ አንድ ጊዜም ስለ ጥርስ አጠባበቅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ተረት። ጧት በትግርኛ፣ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ ነበር፤ ከሌላ ቦታ የመጡ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የመምህራንና የነጋዴዎች ልጆች እንዳይቀሩ ብለው። እኔ ከሁለቱም አልቀርም። ተረት ወዳድ ሆኜ አይደለም፤ ቅዳሜ ሱቅ ከዋልኩ የተጣጠፈውን ሻሽ ሁሉ ስለምዘረግፈው እናቴ ራሷ እጄን ይዛ ታደርሰኝ ስለነበር ነው።

ተረት ነጋሪው አቦይ ሐጎስ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ላይ ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ከአፋር እስከ ጅማ፣ ከሑመራ እስከ ሞያሌ ያልነዱበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ ተረታቸው ሁሉ መንገድ መንገድ ይሸታል። የሌላ ሰው ጅብ በጨለማ ይመጣል፤ የአቦይ ሐጎስ ጅብ ኬላ ላይ ይያዛል። አንበሳው «ሊብሬ አሳይ» ይለዋል፤ አህያዋም መጠባበቂያ ጎማ ስላልያዘች ተራራው ወገብ ላይ ትቀራለች። ያኔ ከመስኮቱ በታች አንዲት ሴት በቆሎ እሸት ትጠብስ ነበርና ጭሱ ወደ ክፍሉ ይገባል። ወይዘሮ ለተብርሃን ለመጻሕፍቱ አዝነው መስኮቱን ይዘጋሉ፤ አቦይ ሐጎስ ተነሥተው ይከፍቱታል። «ተረት እንደ ናፍታ መኪና ነው፤ ሳይሞቅ አይነሣም» ይላሉ። እኛ ሰሌኑ ላይ ተኮልኩለን፣ የፍሙን ፍንጥቅጣቂ በመስኮቱ እያየን፣ የእሸቱን ሽታ እየዋጥን እንሰማለን፤ እስከ ዛሬ የተጠበሰ በቆሎ ሲሸተኝ አንድ ጅብ የሆነ ቦታ ሊብሬውን እየፈለገ ይመስለኛል።

ከተረቱ በኋላ እንቆቅልሽ ይመጣል። ሕጉን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። መልሱን ካላወቅህ ሀገር ትሰጣለህ። ጠያቂው የተሰጠውን ሀገር ከወደደው በአፉ ይገባበታል፣ ይበላበታል፣ ይጠጣበታል፣ ያላግጥብሃል፤ መልሱን የሚነግርህ ከዚያ በኋላ ነው። ካልወደደው ደግሞ ሌላ ጨምር ይልሃል። አቦይ ሐጎስ ደግሞ በቀላሉ የሚወዱ ሰው አልነበሩም፤ ሀገሩን ሁሉ ያውቁታላ!

የዚያን ቀን ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «ጓለይ ዘሃራ፣» አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «እንቆቅልሽ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ጎን ለጎን ይኖራሉ፣ አንዱ ሌላውን አይቶት አያውቅም።»

አሰብኩ። የኛን ሠፈር አሰብኩ። «ጎረቤቶች!» አልኩ በኩራት።

ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ፤ ወይዘሮ ለተብርሃን በእርሳስ ጠረጴዛውን መቱ። አቦይ ሐጎስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጎረቤትሽ አያይሽም? ወይ ጉድ! ሀገር ስጪኝ።»

«ጎንደርን።»

«ጎንደር መልካም ናት፤ ግን ሊማሊሞን ወጥቼ መግባት አልችልም፣ ጉልበቴ አለቀ። ሌላ።»

«ሐረርን።»

«ሩቅ ነው። ሌላ።»

«ጅማን።»

«እዚያ በዝናብ ጭቃ ውስጥ ገብቼ ያደርኩትን እኔ ነኝ የማውቅ። ሌላ፣ ጓለይ፣ ሌላ።»

የጂኦግራፊ እውቀቴ አለቀ። ልጆቹ እየሳቁ ነው፣ ጆሮዬ ጋለ፣ አንድ ስም ብቻ ምላሴ ላይ ቀረ። «ሐይቅን!» አልኩ።

አቦይ ሐጎስ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። «ሐይቅ! ዓሣ ያለባት ሐይቅ? ጽቡቕ፣ መልካም! ተቀብያለሁ። ሐይቅ ገብቼ ምን አጥቼ! ዓሣውን አስጠብሼ፣ ታንኳው ላይ ጋደም ብዬ፣ ሻይ በዝንጅብል አስቀድቼ፣ ዘሃራን ግን ዳር ላይ አቁሜ አጥንቱን አሳየኋት!» አሉና መልሱን ነገሩኝ። ዓይን ነበር። ሁለት ዓይን በፊቴ ላይ ይዤ ሐይቅን አጣሁ።

እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አቦይ ሐጎስ ግን በሳምንቱ ለባለቤታቸው ሻሽ ሊገዙ ገበያ ወርደው፣ ጠይቀው ጠያይቀው የአባቴን ሱቅ አገኙት።

«የሐይቁ ሰይድ አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አቦይ። ምን ልታዘዝ?»

«እንግዲያው ጭሰኛዬ ነህ። ልጅህ ሐይቅን ሰጥታኛለች። ከዓሣው ድርሻዬን መቼ ነው የምትሰድልኝ?»

ከጎን በርበሬ የሚሸጠው ይማም፣ እሱም የሐይቅ ልጅ ነው፣ ሚዛኑን ጥሎ ተነሣ። «እንዴ! ያ ሰይድ፣ እኔም እኮ ከዚያው ነኝ። ሳልጠየቅ ተሰጠሁ?» የወሎ ነጋዴ ሁሉ ሥራውን ትቶ መጣ። አንዱ ሳቀ፣ አንዱ ተቆጣ፣ አንዱ ስለ እናቱ እርሻ ጠየቀ። አቦይ ሐጎስ ሻሹን በብብታቸው ይዘው፣ የእርሻውን ጉዳይ እንደሚያዩት ቃል ገብተው ሄዱ።

አባቴ ማታ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ጠራኝ። «ዘሃራ፣ ሐይቅን ስጪ ማን አለሽ?»

«ሌላውን አልወስድም አሉ።»

«ጎንደር የለም?»

«ዳገት ነው አሉ።»

«ጅማ የለም?»

«ጭቃ ነው አሉ።»

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ፤ እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ምን አገባኝ? የኔን የትውልድ ቀዬ ኩታበርን አልነካች፤ አላህ ያሳድጋት» አለች።

በነጋታው አብሬው ወደ ሱቅ ስሄድ፣ የገበያ ሰው «ሀገር ሰጪዋ መጣች» እያለ ሲስቅብን፣ እጁን ያዝኩና ተናደህብኛል ወይ አልኩት። «ቀልድ መሆኑን አውቃለሁ፣ ልጄ» አለኝ። ትንሽ ተራመደ። «ግን እስቲ አስቢው። እዚህ እንግዳ ነኝ። ያቺንም ከሰጠሁ ሀገሬ የት ነው ልበል?» እንደ መሳቅ ብሎ ነው የተናገረው። ያኔ ነው የሰጠሁት ነገር ስም ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ቅዳሜ አብሬሽ እሄዳለሁ፣ አስመልሳታለሁ አለ።

አባቴ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ አያውቅም። በሩ ላይ እንደደረስን ጫማውን አወለቀ። ወይዘሮ ለተብርሃን ደንግጠው «ኧረ ይግቡ፣ ጫማ ይደረጋል» ቢሉት፣ «የመጽሐፍ ቤት ነው ብዬ ነው» አለና ጫማውን እንደገና አሰረ። ከኛ ጋር ሰሌኑ ላይ፣ ጉልበቱ ጆሮው ጋ እስኪደርስ ታጥፎ ተቀመጠ። አቦይ ሐጎስም ጭሰኛቸው ስለመጣ ደስ ብሏቸው ጠየቁት።

«እንቆቅልህ!»

«ምን አውቅልህ!»

«ሲጠግብ ይቆማል፣ ሲርበው ይወድቃል።»

አባቴ ሰው አለ። አቦይ ሐጎስ አይደለም አሉ። በሬ አለ። አይደለም። መንግሥት አለ፤ ወይዘሮ ለተብርሃን ሳል ያዛቸው። መልሱ ጆንያ ነበር። አባቴ ዕቃውን በጆንያ አምጥቶ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ የሚውል ሰው፣ ጆንያን አላወቀውም። ሀገር ሲጠየቅም እንደኔው ጎንደርና ሐረር ተመለሱበት፤ ላብ ላብ ሲለው «ደሴን!» ብሎ አረፈው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው። በቀጣዩ ቅዳሜ ኮምቦልቻ ተከተለች።

ወሬው ገበያውን አመሰው። «ሰይድ ወሎን ሊጨርሳት ነው» ተባለ። ይማም ቀጣዩ ተራ የእነሱ ነው ብሎ የወልዲያ ሰዎችን ሰብስቦ፣ «ጊዜው ሳያልፍ አንድ ነገር እናድርግ» አለ። እናም ቅዳሜ ሲመጣ ሱቃቸውን ለልጆቻቸው እየተዉ፣ ኮታቸውን አራግፈው፣ አባቴን ሊያግዙ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ጎረፉ። ይህን የሰሙ የመቐለ ሽማግሌዎችም አቦይ ሐጎስን ሊደግፉ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮ ለተብርሃን ዕድሜ ልካቸውን ሲመኙት የነበረው ሕዝብ በራፋቸው ላይ ቆመ፤ የሚጮኽ መሆኑ ብቻ ነው ጉድለቱ። ግን ብልህ ሴት ነበሩ። «የቤተ መጻሕፍቱ አባል ያልሆነ ሰው» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ሀገር መስጠትም መቀበልም አይችልም።» ሁሉም ተሰልፎ የአባልነት ካርድ አወጣ። ይማም ተራው እስኪደርስ ሲሰለቸው ስለ ዶሮ እርባታ የሚል መጽሐፍ አንሥቶ ገለጠና፣ ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን እሱ የዶሮ በሽታ ላይ ደርሶ ነበር።

ጨዋታው ሲያልቅ ታዲያ አባቴና አቦይ ሐጎስ አንድ ላይ ወጥተው ፊት ለፊት ያለች ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። በሬ ካራጁ ይውላል ይላል ያገሬ ሰው። አቦይ ሐጎስ ደሴን እንዴት እያስተዳደሯት እንደሆነ ይነግሩታል፤ አባቴ ስለ ደሴው ገራዶ ሜዳ ይመክራቸዋል። ሁለቱም ሲስቁ አያለሁ። ወደ ቤት ስንመለስ ግን አባቴ የሰጣቸውን ከተሞች በጣቱ ይቆጥራል፤ እኔም የሰጠሁትን አስባለሁ።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ሰነበተ። ደንበኛ ቀይ ሻሽ ስትጠይቀው አረንጓዴ ይሰጣል። ዓርብ ከሶላት መልስ ፊቱ በርቶ መጣና «አገኘኋት» አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም።

ቅዳሜ ክፍሉ እስከ በሩ ሞላ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር ቀኑ ሳይመሽ መሸ፤ መብራትም ጠፋ። ወይዘሮ ለተብርሃን ፋኖስ ለኩሰው አቦይ ሐጎስ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። የመስኮቱ ጭስ በብርሃኑ ላይ ቀስ እያለ ያልፋል፣ የሽማግሌዎቹ ጥላ ግድግዳው ላይ ካሉት መጻሕፍት በላይ ወጥቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጅቡ የሚመጣው አሁን ነበር። አባቴ ግን ተነሣ፤ እንደ ተማሪ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ።

«እንቆቅልህ፣ አቦይ!»

«ምን አውቅልህ፣ ወደይ!» አሉ፣ እሱንም ልጄ ማለታቸው ነው።

«ሰውን ሁሉ እቤቱ ያደርሳል፤ እሱ ግን አንድም ቀን ቤት ገብቶ አያውቅም።»

አቦይ ሐጎስ አገጫቸውን ያዙ። እኛ ልጆች ወዲያው አውቀነው ከንፈራችንን ነከስን። «ጫማ» አሉ።

«ጫማማ ይገባል፣ አቦይ፤ እዚህ እንኳ ገብቷል።»

«በቅሎ።»

«ለበቅሎ ጋጣ አላት።»

«ሾፌር!» አሉ በመጨረሻ፣ እና ከሽማግሌዎቹ መካከል አንዱ «ሚስትህ እንዲያ ነው የምትለው» አላቸው፤ ሳቁ ፋኖሱን ሊያጠፋው ደረሰ። ወይዘሮ ለተብርሃን እርሳሳቸውን አነሡና፣ ራሳቸውም እየሳቁ ስለነበር፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ተሸነፍኩ» አሉ አቦይ ሐጎስ። «ሀገር ልስጥህ።»

ይማም ከኋላ «ሐይቅን ይመልሱ!» ብሎ ጮኸ። «ሐይቅን! ሐይቅን!» አሉ የወሎ ሰዎች ሁሉ። እኔም ተነሥቼ ቆምኩ። የሰጠሁት ነገር ሊመለስ ነው፣ አባቴም እንደ በፊቱ ሊሆን ነው ብዬ።

አቦይ ሐጎስ እጃቸውን አነሡ። «ቆዩ፣ ቆዩ። ሐይቅን ይቺ ልጅ በእጇ ሰጥታኛለች። የተሰጠኝን ብመልስ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ሰው የሚሰጠው የራሱን ነው።» ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና አባቴን ትክ ብለው አዩት። «ሰይድ ሓወይ፣ ወንድሜ፣ መቐለን ሰጠሁህ።»

ከዚያ ወይዘሮ ለተብርሃን፣ የመንግሥት ንብረት ኃላፊ ናቸውና፣ «አቦይ፣ ቤተ መጻሕፍቱስ?» አሉ።

«ከነቤተ መጻሕፍቱ!»

«እኔስ፣ ኃላፊዋ?» ሲሉ፣ «ከነወይዘሮ ለተብርሃን!» ተባለ። ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱ፤ መስማማታቸው ነው። ከተማዋ ተሰጠች።

አሁን ሕጉ እንደሚለው አባቴ ገብቶ መፎከር፣ መብላት መጠጣት፣ በአቦይ ሐጎስ ላይ ማላገጥ ነበረበት። አፉን ከፈተ። «መቐለ ገብቼ...» አለና ቆመ። ጠበቅነው። ይማም በሹክሹክታ «ጠጅ አስጥለህ በል፣ አይ እሱስ ይቅር፣ ማር በልተህ በል» ይለዋል። አባቴ አልሰማውም። ፋኖሱን እያየ ነው።

«መቐለ ገብቼ... ምን አጥቼ» አለ ቀስ ብሎ። «ሱቅ ከፍቼ። ትዳር ይዤ። ሦስት ልጅ ወልጄ። ስታመም ጎረቤት በር አንኳኩቶ፣ ሲከፋኝ ጎረቤት ገብቶ...» ድምፁ ከፍ አለ። «ምን አጥቼ! እናንተ ሰዎች፣ ምን አጥቼ!»

ማላገጡን ረሳው። እንባው መጣ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔ ግን አላጨበጨብኩም፣ አባቴ ሲያለቅስ አይቼ ስለማላውቅ ፈርቼ ሱሪውን ይዤ ነበር። አቦይ ሐጎስ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መልሱን ንገረኛ፣ ሀገር እኮ ሰጥቻለሁ» አሉ።

«መንገድ ነው፣ አቦይ።»

«እዋይ!» ብለው ግንባራቸውን መቱ። «ዕድሜ ልኬን የነዳሁበትን!»

በዚያው ሰሞን አባቴ ጣሪያው እንዲጠገን ለአከራያችን ተናገረ። አከራያችን ምን ነካው ብሎ እናቴን ጠየቃት፤ እናቴም «ምን ይደረግ፣ የከተማው ባለቤት ሆነ» አለችው።

ዛሬ አቦይ ሐጎስ የሉም፤ ሐይቅን፣ ደሴንና ኮምቦልቻን እንደያዙ አረፉ። አንድ ሾፌር መንገድን እንዴት ሊያጣው ይችላል እያልኩ ብዙ ጊዜ አስቤያለሁ። አባቴን ስጠይቀው «እኔስ ጆንያን አላጣሁትም?» ይለኛል፤ እዚያ ላይ ያቆመዋል። እኔም አልገፋሁትም። ተረቶቹን አብዛኛውን ረስቻቸዋለሁ፤ አህያዋ ጎማ አግኝታ ይሁን አታግኝ አላውቅም። ያ የአባቴ «ምን አጥቼ» ግን አልጠፋኝም፤ ሰው ያለውን ቆጥሮ ሲገረም የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ የተዘጋበት፣ ስልኩም የጠፋበት ዘመን መጣ። ስለዚያ ዘመን እዚህ አልጽፍም፤ ይህ ጽሑፍ አይችለውም። መስመሩ በተከፈተ ጊዜ ግን መጀመሪያ የደወለው ከሐይቅ ታላቅ አጎቴ ነበር። እሱና አባቴ ሲያለቅሱ ቆዩ። ከዚያ አጎቴ ጮኾ ስለሚናገር ከስልኩ ውጭ ሰማሁት፤ «በቃህ ሰይድ፣ ልጆችህን ይዘህ ወደ ሀገርህ ና፣ ቤቱም መሬቱም አለ» ይለዋል። አባቴ ከስቶ፣ ሻሾቹ ከሱቁ አልቀው፣ ልጆቹ አጠገቡ ቆመን እናየዋለን። ብዙ አላሰበም።

«ወንድሜ፣ አላህ ያክብርህ» አለው። «ግን እዚህ እኮ ሀገር ሰጥተውኛል። በክፉ ቀን ጥዬ ብሄድ ነውር አይሆንብኝም?»

አባቴ ስልኩን ዘጋ፤ ፊቱን ታጠበ፤ ሱቁን ሊከፍት ሄደ።